የካትሪና ቡሃቃ

ማግሪታ ጃፍታ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ወር ልጆቿ ተሰብስበው ሊመክሯት ሲመጡ፣ አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ የጉዞ መኪና ገዝታ ደጃፏ ላይ አቁማ ጠበቀቻቸው። ዳገት ላይ ስለሚያዘግምና ቤቱን ተሸክሞ ስለሚዞር ስሙን «ኤሊ» ብላዋለች። ትልቁ ልጇ ዴንዚል መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እማ፣ ስልሳ ሰባት ዓመትሽ ነው እኮ። ብቻሽን የት ልትሄጂ ነው?»

«ሙዚየም።»

«የትኛው?»

«ያለው ሁሉ።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው» አለ ዴንዚል። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የመኪናውን መጋረጃ መስፋቷን ቀጠለች።

የቆየ ቁጭት ነበረባት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። በየዓመቱ ተማሪዎቹን ሙዚየም በር ላይ ታወርድና፣ አውቶቡሱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ መሪው ላይ ተደግፋ የተቀቀለ እንቁላሏን እየበላች ትቆያቸዋለች። ሲመለሱ ያዩትን ይነግሯታል። ግማሾቹ ስለ ጥንት አውሬ አጥንት ያወራሉ፣ ግማሾቹ ስለ ሽንት ቤቱ። እሷ አጥንቱንም ሽንት ቤቱንም አላየችም።

አሁን ግን ካሩ የሚባለውን በረሃ ከዳር እስከ ዳር አካለለችው። አጥንቱን አየች፣ የድሮ እስር ቤት አየች፣ የእንግሊዝ ወታደሮች መቃብር አየች፣ በሰጎን ላባ የከበሩ ሰዎችን ቤት ደረጃውን ሁሉ ወጥታ አየች። መንገድ ላይ እንደ ኤሊ ያለ መኪና ከፊት ሲመጣ ሹፌሩ እጁን ያነሳል፣ እሷም ታነሳለች። በየሙዚየሙ መውጫ የጎብኚዎች መዝገብ አለ። እዚያ ላይ አንድም ቀን የራሷን ስም ጽፋ አታውቅም። «ካትሪና ጃፍታ፣ ከሮይዳም» ብላ ትጽፍና ብዕሩን ታስቀምጣለች።

ካትሪና እናቷ ናት። ሮይዳም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ስትሬይዶሞች በሚባሉ ነጮች ትልቅ ቤት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ምግብ አብስላለች። ፊደል አልቆጠረችም። በእሷ ዘመን ደግሞ የእነዚህ ሙዚየሞች በር የነጭ ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ባትችልም ምን እንደሚል አሳምራ ታውቅ ነበር። አንዱንም ሳታይ ሞተች። ልጇ አሁን ስሟን በየመዝገቡ እየጻፈች ታስጎበኛታለች። ይህን ለዴንዚል እንኳ አልነገረችውም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ስትዞር ሮይዳምን ግን በሩቁ ነው ያለፈችው። የስትሬይዶሞች ቤት ሙዚየም ሆኗል ሲሏት ሰምታለች። እግሯ እምቢ አላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጉዞ መኪኖች የሚያድሩበት ግቢ ገባች። እኛ አገር ወንድ ልጅ፣ ሴት መኪና ወደ ኋላ ስትመልስ ካየ ቁጭ ማለት አይችልም። ኦም ፋኒ፣ አጎቴ ፋኒ እንደ ማለት ነው፣ የሚባሉ ጡረተኛ ፖስተኛ ከወንበራቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው አየሩን መቅዘፍ ጀመሩ።

«ወደ ግራ፣ ወደ ግራ! ቆይ፣ ዛፉን!»

ማግሪታ ኤሊን በአንድ ጊዜ ዛፉና አጥሩ መሃል አስገብታ ሞተሩን አጠፋች።

«ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«ስልሳ ልጅ፣ ኦም። ከኋላዬ እየጮኸ።»

ኦም ፋኒ ሽንፈታቸውን በስልካቸው ፎቶ ለማካካስ አሰቡ መሰል፣ ያዩትን ሁሉ ያሳዩዋት ጀመር። «ይሄውልሽ፣ የሮይዳሙ ቤት። ይቺን የሕፃን አልጋ አየሻት? ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች። እንዴት ታምራለች።»

ማግሪታ ስልኩን ተቀበለቻቸው። ከማድቤቱ መሃል ረጅም የእንጨት ገንዳ ተቀምጧል፣ ውስጡ ዳንቴል የለበሰች አሻንጉሊት ተኝታለች። የእናቷ ቡሃቃ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሊጥ ያቦካችበት። ፎቶውን አሳድጋ ግድግዳ ግድግዳውን ፈለገች፤ የስትሬይዶሞች ስም በየቦታው አለ፣ የካትሪና የለም።

«ኦም፣ ነገ ጠዋት ስወጣ ደግሞ እጅዎን አያወናጭፉብኝ» አለቻቸው።

በማግስቱ ሮይዳም ደርሳ ኤሊን ጥላ ስር አቆመችና ወደ ቤቱ አመራች። ምን እንዳደረገች የገባት የጓሮውን በር አንኳኩታ ስትጨርስ ነው። ከእናቷ ጋር በዚህ ቤት ስታድግ በፊት ለፊቱ በር አንድ ቀን ገብታ አታውቅም፤ እግሯ በለመደበት ወስዷታል። በመስኮት የአንዲት ነጭ አሮጊት ጭንቅላት ብቅ አለ። ቤቱን በፈቃደኝነት የሚጠብቁት ወይዘሮ ሄስተር ናቸው።

«መግቢያው በፊት ለፊት ነው፣ ወይዘሮ!»

«አውቃለሁ» አለች ማግሪታ፣ ፊቷ እየጋለ። ዞራ በፊት ለፊት ገባች።

ሳሎኑን ሳታይ በቀጥታ ወደ ማድቤት ሄደች። ወይዘሮ ሄስተር ቁልፋቸውን እያንሿሹ ተከተሏት።

«ይሄ አልጋ አይደለም» አለች ማግሪታ። «ቡሃቃ ነው። እናቴ ዳቦ ታቦካበት ነበር። እዚህ ነው የሠራችው።»

«ዕቃውን የሰጡን ቤተሰቡ ራሳቸው ናቸው፣ ወይዘሮ። አራት ልጆች ተኝተውበታል ብለዋል። ፎቶ አለዎት? ደብዳቤ? ያለ ማስረጃ ኮሚቴው ጽሑፍ አይቀይርም።»

ማግሪታ ቦርሳዋን ጨበጥ አደረገች። ምንም የላትም። ወረቀት የሚተርፈው ወረቀት ለነበረው ሰው ነው። መውጣት አማራት፤ ከዚህ ከወጣች ግን ተመልሳ እንደማትመጣ አወቀች፣ እናቷም በገዛ ማድቤቷ ሳትኖር ልትቀር ነው።

«አሻንጉሊቷን ያንሷት» አለች።

«ምን?»

«ያንሷትና እጅዎን ይክተቱ። በግራ በኩል፣ ከአፉ አራት ጣት ዝቅ ብሎ። በቢላ የተቆረጠ ምልክት አለ።»

ወይዘሮ ሄስተር መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አሻንጉሊቷን ብብታቸው ስር ሸጉጠው፣ እጃቸውን ከተቱ። ጣታቸው ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

«አለ» አሉ ቀስ ብለው።

«እናቴ ሰዓት ማንበብ አትችልም ነበር። ዳቦው ሲኮመጥጥ እመቤቲቱ ይቆጧታል። ስለዚህ ያንን ቆረጠች። ሊጡ ኩፍ ብሎ እዚያ ሲደርስ ምድጃውን ታነዳለች። ስትሸፍነው በዚያ በኩል ጨርቁን ትገልጥልኛለች፤ ሥራዬ ዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጦ ምልክቱን መጠበቅ ነበር። ሲነካው ‹እማ፣ ደረሰ› እላታለሁ።»

ወይዘሮ ሄስተር እጃቸውን ከቡሃቃው አላወጡም።

«ልጅ ሆኜ እዚህ ቤት ልደት ስንጠራ ይሄን ዳቦ በልቻለሁ» አሉ። «ትኩሱን፣ በማርማላታ። ማን እንደጋገረው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።»

 

አሮጊቷ አሻንጉሊቷን መስኮቱ ላይ አስቀመጧት፣ የተለጠፈውን ካርድ ነቅለው ገለበጡትና እርሳስ አወጡ። «የእናትዎ ሙሉ ስም?»

«ኮሚቴውስ?»

«ኮሚቴው እኔና እህቴ ነን። እህቴን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ማግሪታ ስሙን ፊደል በፊደል ነገረቻቸው። ሴትየዋ «ቡሃቃ። ካትሪና ጃፍታ በዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ዳቦ ጋገረችበት» ብለው ጽፈው ካርዱን በቦታው መለሱ። ማግሪታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ዱቄት ያለበት እጅ ያላት ሰው እንደዚያ ነው የሚጠርገው፣ ከእናቷ የወሰደችው ነው።

በፊት ለፊቱ በር ስትወጣ የጎብኚዎች መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘችው። እንደ ልማዷ ብዕሩን አነሳችና የእናቷን ስም ልትጀምር ብላ ተወችው። ካትሪና እዚህ ቤት ጎብኚ አይደለችም።

«ማግሪታ ጃፍታ» ብላ ጻፈች፣ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ ትንሽ አሰበችና ጨመረችበት፦

«እማ፣ ደረሰ።»