ስቲኩን ቀለል አድርጎ መያዝ

መጀመሪያ የተሰማኝ ሽታ ነው። ካርቱም ውስጥ፣ አርካዊት በሚባል ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆሟል፤ እጄም ካውያው ላይ ነው። አንሳው ብዬ እጄን አዘዝኩት። አልሰማኝም። የቤቱ እመቤት ጭሱን አይታ ሮጣ መጣች። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል አልነበረም። ከዚያ ቀኝ እግሬ ከዳኝ።

ስትሮክ ነው አሉ። በሲቲ ስካን አይተው፣ በአንጎሌ ግራ በኩል አንድ የደም ሥር ተዘግቷል አሉ። ደም ግፊት እንዳለብኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ራሴን ሲያመኝ የካርቱም ፀሐይ ነው እያልኩ በሻሽ ጠፍሬው እውል ነበር።

ይህን የምጽፈው እጃቸው ለተጨበጠባቸውና የተጨበጠ እጅ ለሚያስታምሙ ነው። የሆነው ከተማዋ ሰላም በነበረች ጊዜ ነው። የምንኖረው ሳጃና ሰፈር ነበር፤ እኔና አንድ ልጄ፣ ቢንያም።

ቢንያም የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ብሎኬት ያቀብላል። እኔ በታመምኩበት ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሊቢያ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ቦርሳውን አይቼዋለሁ። ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲያስገባኝ ቦርሳው ተፈትቶ ልብሶቹ ሚስማሩ ላይ ተመልሰዋል። ጓደኞቹ ያለ እሱ ሄዱ።

«እጅሽ ሳይፈታ የትም አልሄድም» አለኝ።

ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ቃሉን በልቤ ደገምኩት። እጄ ሲፈታ ይሄዳል ማለት ነው።

ከዚያ ጀምሮ ሁለት ጸሎት ነበረኝ። አንዱ እጄ ተፈትቶ በቀኜ እንዳማትብ ነው። ሌላው ልጄ እንዳይሄድ ነው። እግዚአብሔር ሁለቱን አብሮ እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። ብቻ ሁለቱንም ጸለይኩ።

አንደበቴ ቶሎ ተመለሰ። እግሬንም እየጎተትኩ መሄድ ጀመርኩ። እጄ ግን መጀመሪያ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቆየና፣ ኋላ በራሱ መጨበጥ ጀመረ። አውራ ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። አራቱ ጣቶች ከላዩ ታጠፉ። የማኅበር እኅቶቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ መቁጠሪያዬን መዳፌ ውስጥ አኖሩልኝ፤ እንዳይወድቅም በነጠላ ቅዳጅ አሰሩት። ጣቶቼ መቁጠሪያውን ሲጨብጡ «ያዘ! ያዘ!» ብለው እልል አሉ። እኔም አለቀስኩ። ጸሎት የያዘ እጅ ይድናል ብለን ሁላችን አመንን። ቀንም ሌሊትም አልፈታሁትም።

ቢንያም ወደ ሶባ ሆስፒታል ለፊዚዮቴራፒ ሲወስደኝ፣ ሃፍላው፣ አውቶቡሱ፣ ውስጥ እጄ መሽተት ጀምሮ ነበር። በአንገት ልብሴ ሸፈንኩት። ዶክተር ሰልማ፣ የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ፣ እሥሩን ፈታች። ዶቃው መዳፌን አቁስሎታል። ጥፍሮቼም ሥጋዬ ውስጥ ገብተዋል። ክርስቲያን መሆኔን መስቀሌን አይታ ታውቃለች፤ እንደ ሀገሯ ወግ ግን ሐጃ ነበር የምትለኝ።

«ሐጃ፣ ይሄ የጸሎት ነው?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። መቁጠሪያውን በአልኮል ጠርጋ በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

«አንገትሽ ላይ ይሁን። ይሄ እጅ መጨበጥ አላቃተውም፤ ያቃተው መልቀቅ ነው። ስሙ ስፓስቲሲቲ ይባላል። ሲያስሩት፣ ሲጎትቱት፣ ስትናደጂ፣ ስትፈሪ ይብስበታል። ጨምቂ የሚልሽን ሁሉ አትስሚ።»

ጣቶቼን አልጎተተችም። የእጄን አንጓ ቀስ አድርጋ ወደ ታች አጠፈችው። ጣቶቼ በራሳቸው ላላ አሉ። ቢንያም ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር።

«ሽወያ ሽወያ» አለችው፤ ቀስ በቀስ ማለቷ ነው። «አንድ ነገር ፈልግላት። ጠበቅ አድርጋ ስትይዘው የሚበላሽ፣ ቀለል አድርጋ ስትይዘው የሚሰምር።»

ልጄ ሳቀ። ከታመምኩ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ፑል!» አለ።

ከቤታችን አጠገብ የሀገራችን ሰዎች ሻይ ቤት አለ፤ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ የፑል ጠረጴዛ አለው። ማታ ስጸልይ የኳሶቹ ግጭት በግድግዳው ያልፍ ነበር። ቢንያምን ስንት ጊዜ ከዚያ ጠርቼዋለሁ። አሁን ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ ክንዴን ደግፎ እዚያው አስገባኝ። ሮቤል፣ አብሮት የሚሠራው ጓደኛው፣ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ።

«እማማ! ሊያስወጡን ነው የመጡት?»

«ልጫወት ነው» አልኩት።

«ያላ! ቢንያም፣ እናትህ ካሸነፈችኝ ካርቱምን ለቅቄ እወጣለሁ።»

ስቲኩ፣ ማለትም የሚመቱበት እንጨት፣ ከመጥረጊያ ዘንግ የሚከብድ መስሎኝ ነበር። አይከብድም። ግራ እጄ ጤነኛ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ለስቲኩ ጫፍ ድልድይ ሆነ። ከኋላ የሚይዘው ቀኜ ነው። ቢንያም ጣቶቼን ዶክተር ሰልማ ባስተማረችን መንገድ አላልቶ ስቲኩን አስያዘኝና ለቀቀኝ። ወዲያው እጄ እንጨቱን አነቀው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደረቀ። መታሁ። ስቲኩ ተወላገደና ነጯን ኳስ ጎኗን ላሳት። ኳሷ ትንሽ ተንከባላ ቆመች።

«እማ፣ አንቀሽዋል። ይተኛ። ጣትሽ ላይ ይተኛ። የሚመታው ስቲኩ ነው፣ አንቺ መንገዱን ብቻ ነው የምታሳዪው።»

«እንዳይወድቅስ?»

«ይውደቅ። አነሣዋለሁ።»

ብዙ ጊዜ ወደቀ። ብዙ ጊዜ አነሣው። ከመምታቴ በፊት ሁልጊዜ በስመ አብ እል ነበር፤ ልጆቹ ይህን መቀለጃ አደረጉት። «ይሄማ ፋውል ነው፤ መላእክት እያገዟቸው!» ይላል ሮቤል። እኔም ስስቅ ትከሻዬ ይወርዳል፤ ትከሻዬ ሲወርድ ጣቶቼ ይላላሉ። ዶክተር ሰልማ ይህን ስነግራት «ሳቅ ከኔ ይበልጣል» አለች።

ክረምቱ መጥቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ፣ ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫም አላቋረጥንም። ጠዋት እጄን ለብ ባለ ውኃ እነክራለሁ፣ አንጓዬን አጥፌ ጣቶቼን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፣ ከዚያ ልጄ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ጥቂት እንመታለን። እየቆየ ስቲኩ በጣቶቼ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይሰማኝ ጀመር። ጠበቅ ሲልብኝ ገና ሳልመታ አውቀዋለሁ፤ አቆማለሁ፤ አየር አወጣለሁ፤ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ጠዋት ቀይዋ ኳስ ቀጥ ብላ ሄዳ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ልጆቹ ጮኹ። ሮቤል «ቦርሳዬን አምጡልኝ፣ ካርቱም በቃኝ!» አለ። እኔ ስቲኩን አስደግፌ፣ ሳላስበው፣ ቀኝ እጄን አነሣሁ። ጠቋሚ ጣቴ ተቃናች። ግንባሬን፣ ደረቴን፣ ግራና ቀኝ ትከሻዬን ነካሁ።

ቢንያም አልጮኸም። እጄን አየ። እኔም እሱን አየሁት። ሁለታችንም ምን እንደሆነ አውቀናል።

ሊቢያ እንዳይሄድ አልከለከልኩትም። ለመንኩት ብቻ። «እማ፣ እዚህ ሲሚንቶ ተሸክሜ ልሙት?» አለኝ።

የሄደው ከሰዓት በኋላ ነው። ራክሻው፣ ባጃጁ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ቦርሳውን ጫነ። ሳመኝ። ዘወር ሲል ቀኝ እጄ እጅጌውን ያዘ። እኔ አላዘዝኩትም። ጣቶቼ ተቆለፉ። ስፈራ እንደዚያ ነው።

ሾፌሩ በዓረብኛ «ያላ»፣ እንሂድ፣ አለ።

ቢንያም አልጎተተም። ተመልሶ ፊት ለፊቴ ቆመ። አንጓዬን በጣቱ ደገፈ።

«እማ፣ ስቲኩ ላይ እንደምታደርጊው። ቀለል አድርጊው።»

እንዳይፈታ ፈለግሁ። ያን ቀን ብቻ እንዳይታዘዘኝ ፈለግሁ።

ተፈታ።

«አየሽ?» አለኝ። ፊቱ በራ። ገብቶ ተቀመጠ። ራክሻው ጥጉን እስኪዞር እጁን እያወዛወዘ ነበር።

አንድ ጊዜ ደወለ። ደህና ነኝ አለ፤ እየመታሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ አልደወለም።

ሮቤል ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጣ። ሁለት እጁን ኋላው አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። አልቀለደም። አወቅሁ።

መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶ ነበር። ውኃ አለቀባቸው። የተረፈ አንድ ልጅ ነው የነገራቸው። እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀበሩት።

እጄ ተዘጋ።

ልቅሶ ተቀመጥን። አስከሬን የለም። ጥፍሮቼ መዳፌን እንደገና አቆሰሉት። አላስፈታሁትም። ሮቤል ራሱ ሶባ ወሰደኝ። ዶክተር ሰልማ ፊቴን አይታ ሮቤልን አየችው፤ ነገራት። ስለ ልምምዱ አላነሣችም። እጄን እንደተዘጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ሸፈነችው።

«አላህ ይማረው» አለች። ከዚያ፣ «ሐጃ፣ ይሄንን እጅ ልጅሽ ነው የሠራው። እኔ አይደለሁም።»

ወደ ሻይ ቤቱ ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። በጥቁር ልብሴ ስገባ ልጆቹ ስቲካቸውን አስቀምጠው ቆሙ። «በስመ አብ ልል ነው፣ ፋውል የሚል አለ?» አልኳቸው። ሮቤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የመጀመሪያው ምት ተወላገደ። ሁለተኛውም። ስቲኩ ወደቀ። የሚያነሣልኝን ጠበቅሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ራሴ አነሣሁት።

እጃችሁ ለተጨበጠባችሁ የምለው ጥቂት ነው። የግፊት መድኃኒታችሁን ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡ። መዳፋችሁ ውስጥ ምንም አታሳስሩ፣ የተቀደሰም ቢሆን፤ ለመቁጠሪያ አንገት አለ። በየቀኑ ተገልጦ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ጣታችሁን ማንም አይጎትት፤ ከአንጓ ይጀመር። የምትወዱትን ነገር፣ ባትወዱትም የሚወዳችሁ ሰው የሚወደውን ነገር ፈልጋችሁ በእሱ ተለማመዱ። ለምታስታምሙም፦ ሲወድቅ አንሡ፣ አትቆጡ።

አምላኬን አመሰግናለሁ። ሐኪሟን አመሰግናለሁ። በቀልዳቸው ትከሻዬን ያወረዱልኝን ልጆች አመሰግናለሁ። ስለዚያ ቀን፣ ስለ እጅጌው፣ ለማመስገን ግን ብዙ ጊዜ አቅቶኛል። አሁን ይህን ብቻ እላለሁ፦ ልጄ ከእኔ ያየው የመጨረሻ ነገር የዳነ እጅ ነው። ደስ ብሎት ሄደ።

ጠዋት በቀኜ አማትባለሁ። እጄን ከትከሻዬ ሳወርድ አሁንም ሊጨበጥ ይፈልጋል። አንጓዬን አጠፋለሁ። እጠብቃለሁ። ጣቶቼ ሲከፈቱ ስሙን እጠራለሁ።