«ራስዎ ይኖሩበታል?»

ከዙሪክ የሚመጣው ባቡር ወደ ጄኔቭ ሲቃረብ ጭጋጉ ሐይቁንና ሰማዩን አንድ ያደርጋቸዋል። የቤት ግዢ ውል ልንዋዋል በተቀጠርንበት ዕለት ጧት መጽሐፌ ጭኔ ላይ እንደተገለጠ፣ እኔ ገና ባልገዛነው ቤት ውስጥ እዞር ነበር። ጄኔቭ ዳር ኦኔ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ቤት። ባዶውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። በሐሳቤ ግን መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ የከሰዓት ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ድመት ተጋድሟል፤ ከጓዳ የሰው ድምፅ ይሰማል።

ቤቱ የታላቅ እህቴ ምኞት ነው። እዚያው ጄኔቭ ዳር፣ ቬርኒየ ውስጥ በኪራይ ስትኖር ጸጉሯ ሸበተ። ጡረታ ስለወጣች ባንኩ የሚያበድረው ለእኔ ነበር፤ ስለዚህ ገዢዋ እኔ፣ ነዋሪዋ እሷ እንድንሆን ተስማማን። የእኔ ሥራ ዙሪክ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ትምህርት የጀመርኩት ሌሎች በሚጨርሱበት ዕድሜ ነውና ያንን ሥራ እንደ ዋዛ አላገኘሁትም። ማደሪያዬም እዚያው ዙሪክ አጠገብ፣ ሽሊረን ነው። ለእህቴ ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ነበር። «የእህት ቤት የእህት ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» ትላለች።

ልዩነትማ ነበረው። ጄኔቭ ውስጥ ቤት ሲገዛ ለካንቶኑ፣ ማለትም ለክልሉ መንግሥት፣ የሚከፈል ግብር አለ፤ ገዢው ራሱ የሚኖርበት ከሆነ ይቀነስለታል። ያ ቅናሽ ከሌለ ያጠራቀምነው አይበቃም፤ ቤቱም ይቀራል።

ውል የሚያዋውሉት ኖቴር ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ቢሯቸው ገብተን እንደተቀመጥን ወደ እኔ ዞረው በፈረንሳይኛ፣ «ራስዎ ይኖሩበታል?» አሉ።

«አዎን፣ ትኖርበታለች!» አለች እህቴ።

እኔ ዝም አልኩ። ባደግንበት ቤት ታላቅ በተናገረበት ታናሽ አይደግምም፤ ዝምታው እሺታ ነው። ኖቴሩ ግን ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ማዳም፣ የጠየቅሁት እርስዎን ነው።»

«ነገርኩዎት እኮ!» አለች እህቴ። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ፣ «ሰውዬው ምን ሆኗል? አይሰማም እንዴ?»

«እትዬ፣ ከእኔ አፍ መስማት አለባቸው።»

«ታዲያ በያቸዋ! አፍሽን ባቡር ላይ ነው የረሳሽው?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። «አሁን አልኖርበትም» አልኳቸው። «ሥራዬ ዙሪክ ነው።»

እህቴ ቦርሳዋን አነሳች፤ ልትወጣ መሰለኝ። ኖቴሩ ግን ሕጉ ዛሬውኑ ግቡ አይልም አሉ፤ ለመግባት ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ ከገቡ በኋላ ግን ሳያቋርጡ ቢያንስ ሦስት ዓመት መኖር ግድ ነው። «በዚያ ጊዜ ውስጥ ይመጣሉ?»

እህቴ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

«በይ፣ አንቺው ተናገሪ» አለችኝ ቀስ ብላ።

የትራሙ ደወል ከውሃ በታች እንዳለ ሆኖ ከሩቅ ተሰማኝ። ዙሪክ ታየችኝ፤ አንባቢ ሳይገባ በመደርደሪያዎቹ መሃል የምቆምበት ጧት፣ ማንም የማን ታናሽ መሆኔን የማያውቅባት ከተማ። እህቴም ታየችኝ፤ ለብቻ ማዕድ ማቅረብ ስለሚያሳፍራት እራቷን ምድጃው አጠገብ ቆማ ስትቀማምስ። ሁለቱ ምስሎች አልተጣሉም። ጎን ለጎን ተንሳፈፉ፤ አንደኛው ብቻ ቀስ እያለ ራቀ።

«እመጣለሁ» አልኩ።

ኖቴሩ ብዕራቸውን አነሱ።

ደረጃውን ስንወርድ እህቴ ክንዴን ያዘች። «ያንን ያልሽው ለእኔ ነው ለሕጉ?»

«ለሕጉ ቢሆን ገና ሲጠይቁኝ አዎን እል ነበር።»

ጥቂት ደረጃ ወረደች። ከዚያ ቆም አለችና፣

«ለመሆኑ ታንኮራፊያለሽ?»

«እንጃ» አልኳት። «እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።»