አንዲት አጭር አግዳሚ

ልጅ ሳለሁ መንደራችን ፉሪ ገና የእርሻ አገር ነበረች። የከተማው መብራት ከሩቅ ይታየናል እንጂ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ሲመሽ በኩራዝ ብርሃን ፍሙን ከበን የአያቴን የአባባን ተረት እንሰማ ነበር። አባባ ሲተርት አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ማን የት እንደተቀመጠ ያያል፣ የተኳረፉ ልጆች ካሉ አንድ ቁርበት ላይ ያስጠጋቸዋል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያኔ ይህ የሽማግሌ አመል ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል አባቴና ጎረቤታችን ጋሽ ገመቹ የማን ማሳ ቀድሞ ይታረስ በሚል ተጣሉ። ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነው፤ የአንዱ በሬ ከሌላው ጋር ካልተጠመደ የሁለቱም መሬት ጦሙን ያድራል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሊያስታርቃቸው ጠርቶ፣ በዘመኑ ደንብ ፊት ለፊት አቁሞ «ሂስና ግለ ሂስ አድርጉ» አላቸው። ሂሱን ሁለቱም አሳምረው አደረጉት፤ ለግለ ሂሱ ግን ምላስ አልተገኘም። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተመለሰ፣ በሬውንም ሊሸጥ ቆረጠ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። እናቴ ሰማዩን እያየች ስታለቅስ አይቼ በጣም ፈራሁ።

በሬው ሊሸጥ ሁለት ቀን ሲቀረው አባባ ጋሽ ገመቹን ማታ ወደ ቤታችን አስጠራው። እኔ እንግዳ ያከበርኩ መስሎኝ የመቀመጫ ዱካውን ከእሳቱ ማዶ፣ ከአባቴ ትይዩ አኖርኩለት።

«አንቺ ልጅ፣ ልታዋጊያቸው ነው? አንሺው!» አለኝ አባባ።

ሁለቱን አንዲት አጭር አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ ትከሻቸው ይነካካል፣ ፊታቸው ወደ ፍሙ ነው። ለእነሱ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ዞሮ ተረቱን ጀመረ። ሁለት በሬዎች ነበሩ አለ፤ በተያዩ ቁጥር ቀንድ ለቀንድ ይያያዛሉ፤ ባለቤታቸው ቢገስጽ ቢመታ አልሆን ስላለው ቀንበር ጫነባቸውና ወደ አንድ አቅጣጫ አዞራቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያዩት ከፊታቸው ያለውን መሬት ብቻ ሆነ። እየተረተም የተበጠሰ የቀንበር ጠፍር እንዲጠግኑ አቀበላቸው፤ ጠፍር ደግሞ አንዱ ካልያዘ ሌላው ሊያከርረው አይችልም።

አባቴ ያዘ፣ ጋሽ ገመቹ አከረረ። ጠፍሩን እያከረረ፣ ዓይኑን ከፍሙ ሳያነሳ፣

«ያንተ ማሳ ውሃ ይይዛል፤ ሳይጨቀይ እሱ ይቅደም» አለ ጋሽ ገመቹ።

«የለም፣ ያንተ ይቅደም!» አለ አባቴ፤ በዚህም ደግሞ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

በማግስቱ አብረው አረሱ። በሬው አልተሸጠም።

ዛሬ እኔም ሰው የማሠራ፣ ጠረጴዛ ያለኝ ሴት ሆኛለሁ። ከባልደረባዬ ጋር ስንጋጭ ወንበሬን ስቤ ከጎኑ እቀመጥና ወረቀቱን አብረን እናየዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይበርዳል። አንዳንድ ቀን ግን እግሬ አልነሳ ይለኛል፤ ከጠረጴዛዬ ማዶ አፍጥጬ ሳየው እውላለሁ። ያን ቀን የምፈልገው ሥራው እንዲቃና ሳይሆን እኔ እሱን እንድረታ እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ እያወቅሁም አልነሳም።