ከባቱ የከፈትኩት የአዳማ ፎልደር

ያልገባኝ ነገር ሲኖር ዕረፍት የለኝም። አዳማ ባለው ፎቶ ቤታችን የሠርግ ፎቶ ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ሁላችንም በምንጋራው ፎልደር ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ መክፈት ቀላል ነው። ከሌላ ከተማ ግን እንዴት ይከፈታል የሚለው ጥያቄ ለሳምንታት ሲያብሰለስለኝ ከረመ።

በመጨረሻ ገባኝ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያሉት ማሽኖች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ውጭ የሚታወቁት ግን በአንድ የጋራ አድራሻ ነው፣ ልክ ብዙ ተከራይ እንዳለበት ባለ አንድ በር ግቢ። የኢንተርኔት መስመራችንን የሚጠብቀው ፋየርዎል ደግሞ ዘበኛው ነው፤ ከውጭ የመጣውን ለማን እንደሚያደርስ ካልተነገረው ይመልሰዋል። እኔም «ከውጭ የምልከውን ጥያቄ ለቁጥር አስር አድርስ» ብዬ አዘዝኩት፤ መንገዱንም በይለፍ ቃል ቆለፍኩት። ቁጥር አስር ኮምፒውተራችን ነበር። ላንጋኖ ሆኜ ሞከርኩት፣ ሠራ። ያን ቀን የሚችለኝ አልነበረም።

ከዚያ ለሠርግ ሥራ ባቱ ሄድኩ። አንዲት እናት ፈልገውኝ መጡ። ዓሣ አጥማጅ የነበሩት ባላቸው ሞተው፣ የአርባቸው ተዝካር በማግስቱ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ግን አንድም ፎቶ የለም። አምና እኛ ባነሳነው የጎረቤት ሠርግ ላይ ባላቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመው ተነስተው ነበር።

«እሱን ብቻ ታገኝልኛለህ፣ ልጄ?»

«አሁኑኑ» ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። እምቢ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ። እሳቸው ያዩኛል፤ በአፌ መቸኮሌ አሳፈረኝ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ በርቷል?»

«በርቷል። ጠዋት መብራት ሲጠፋ እንዳይቃጠል ብዬ ሁሉንም ነቀልኩ፤ ሲመጣ መልሼ ሰካሁ።»

«የቱን አስቀደሙ?»

«ፕሪንተሩን ነዋ! ደንበኛ ቆሞ!»

ቁጥሩ ከአስር ጀምሮ የሚታደለው በተሰኩበት ቅደም ተከተል ነው። ቁጥር አስርን ፕሪንተሩ ወስዶታል፤ ዘበኛውም ጥያቄዬን እየወሰደ የሚያደርሰው ለእሱ ኖሯል። ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት።

«ጋሼ፣ እባክዎ እንደገና ሁሉንም ይንቀሉና ኮምፒውተሩን ያስቀድሙልኝ።»

እያጉረመረሙ አደረጉት። የሠርጉ ፎልደር ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ያሉበት ፎቶ በዚያ ደካማ ኔትወርክ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይመጣ ጀመር፤ መጀመሪያ ድንኳኑ፣ ቀጥሎ አንድ የነተበ ቆብ።

«እሱ ነው» አሉ፣ ፊቱ ገና ሳይታይ።

ፎቶው እዚያው ላይ ቆመ። ደነገጥኩ፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ዓይናቸውን ከቆቡ ሳይነቅሉ፣

«ተወው፣ ቀስ ብሎ ይምጣ» አሉኝ። «ከሐይቅ ሲመለስም እንዲህ ቁጭ ብዬ ነበር የምጠብቀው።»