የጾም ፓይ

ሀብተ ሥላሴ ሊጡን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገው። ሊጡ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ።

"ወይ አበሳዬ!" አለ። "ምን በደልሁህ? እስቲ ንገረኝ፣ ምን በደልሁህ?"

ከሊጥ ጋር የሚጣላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባሕር ዳር፣ ፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ከተደረደሩት ጠባብ ሱቆች በአንዱ ውስጥ በዚያ ነሐሴ አንድ ነበረ። ሰኞ ተጣላ፣ ማክሰኞ ተጣላ፣ ረቡዕ ላይ ጭራሽ ሊኮራረፉ ምንም አልቀራቸው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቢሆን ባልገረመኝ። ሀብተ ሥላሴ ግን ኑሮው ፓይ ነው። ተማሪው ሁሉ "የሀብቴ ፓይ" እያለ ይሰለፍለታል፤ ከሥር ስስ ቂጣ፣ ከላይ ስስ ቂጣ፣ መሐሉ ማንጎ። ቂጣው ጥርስ ሲነካው ፍርክስክስ ይላል፤ ሰው የሚወደውም እሱን ነው።

የሚፈረካከስበት ምክንያት ደግሞ ድብቅ ነገር አይደለም። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ቅቤ ሳይቀልጥ ዱቄት ውስጥ ይቆራረጣል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፣ ከዚያ ሰብሰብ አድርጎ መተው ነው። አለማሸት። እናንተ ሆዬ፣ አለማሸት ቀላል እንዳይመስላችሁ! እዚህ አገር ሊጥ ሳያሽ የሚተው ሰው ሰነፍ ነው የሚባለው። እሱም እጁን ከማሸት ለማስጣል ስንት ፓይ አበላሽቷል። በመጨረሻ እጁ ገባው፤ ገብቶትም ስም አወጣ።

አሁን ግን ፍልሰታ ነው፤ ቅቤ የለም። ፓይ ሊሠራላቸው የፈለገው ሰው ደግሞ ከቅቤ ይልቅ እሳት ቢያጎርሷቸው የሚመርጡ ናቸው፤ የገዛ አባቱ፣ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ።

መሪጌታ ከጣና ሐይቅ ማዶ፣ ቁንዝላ በምትባል ከተማ የቅኔ መምህር ናቸው። ሀብተ ሥላሴ እንደ ማንኛውም ተማሪ እግራቸው ሥር ስለተማረ እስከ ዛሬ የሚጠራቸው "የኔታ" ብሎ ነው፤ "አባባ" ብሎ አያውቅም። ቅኔው ግን አልሆነለትም። ሌላው ልጅ የቅኔውን ቤት ሲመታ እሱ የሚያስበው ምን ቢበላ እንደሚጥም ነበር። አንድ ቀን ጠፍቶ ባሕር ዳር ገባ፤ ሆቴል ሰሐን አጠበ፣ ቀስ እያለ ወደ ኬክ ክፍሉ ተጠጋ፣ ሠልጥኖም ወጣ። አባትየው ይህን ሲሰሙ "ወንድ ልጅ ለማድቤት አልወለድሁም" አሉ። ከዚያ ወዲህ "ልጅዎ ከምን ደረሰ?" ሲባሉ "ባሕር ዳር ነው" ብለው ወሬ ይለውጣሉ። የሚሠራውን ተናግረው አያውቁም።

ሊጠይቁት ይመጣሉ እንጂ አይቀሩም። ግን ረቡዕን ወይም ዓርብን መርጠው ነው የሚመጡት። ምግብ ሲቀርብ "ጾም ነኝ" ይላሉ፤ የጾሙ መፍቻ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ "መንገድ አለብኝ" ብለው ይነሣሉ። ከልጃቸው እጅ ውኃ ብቻ ጠጥተው የሚሄዱ አባት! ሀብተ ሥላሴ በዚህ ነገር አንጀቱ አርሯል። ሚስቱ ማህሌት ከአዳማ መጥታ እዚህ ኮሌጅ የምትሠራ፣ ቀጥተኛ ሴት ናት፤ "ምናለ ኩርፊያ ነው ብለው ቢገላግሉን?" ትላለች።

እንግዲህ እኚህ አባት ባለፈው ሳምንት ደወሉ።

"አንተ፣" አሉት፣ "እናትህ ካረፈች ወዲህ ቤቱ አልሆነኝም። ልቤ ቆርጧል። ከሐይቁ ገዳማት ካንዱ ልገባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ዓለም አልመለስም። ሐሙስ እመጣለሁ፣ ዓርብ ጠዋት እሻገራለሁ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስመጣ ከምትሠራው እቀምሳለሁ። ሽሮማ የትም አለ። አንተ የምትሠራውን።"

ስልኩን ዘግቶ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ማህሌት ሰው የሞተበት መስሏት ክው አለች። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀው ነገር መጣ፤ የመጣው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በጾም! የሚገቡበት ገዳም ደግሞ ፍስክ የሚባል ነገር የለውም፤ ጾም ተፈታ አልተፈታ ቅቤ አይነካም። እንግዲህ የዚህ ልጅ እጅ ምን እንደሚችል አባቱ የሚያውቁት ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ካለፈ አለፈ።

"በዘይት ሥራዋ!" አለችው ማህሌት።

በዘይት ሥራ! አፍ ሲናገር ቀላል ነው። ሰኞ በፈሳሽ ዘይት አቦካው፤ ሲዳምጠው እንደ እርጥብ አሸዋ እየፈረሰ መዳመጫው ላይ ቀረ። ውኃ ጨመረለት፤ ተያያዘለት፤ ሲጋግረው ሰሌዳ ሆነ። ማክሰኞ የሚረጋውን ዘይት ገዝቶ ፍሪጅ አስገባ። ዘይቱ ደረቅ አለለት፣ ልክ እንደ ቅቤ በቢላ ተቆረጠለት፤ ደስ ብሎት ማፏጨት ጀመረ። ዱቄቱን ሲነፋ መብራት ጥፍት!

"አሁን? አሁን ነው የምትጠፋው?" ብሎ አምፖሉ ላይ ጮኸ። አምፖሉ ምን ያድርግ? መብራት እስኪመጣ ዘይቱ ቀልጦ ሳህኑን ሞላው። ረቡዕም ደገመው፤ መብራት ደግሞ እንዳልነበረች ሆነች። ንዴቱ ሲበዛበት ያ የጥንት አመል ተነሣበትና ሊጡን አሸው። አውቆ አይደለም፤ እልሁ ወደ እጁ ወርዶ ነው። እያሸ "እምቢ ትላለህ? እኔን እምቢ ትላለህ?" ይለው ነበር።

ማታ መብራት መጥታ ያ የታሸ ሊጥ ከነማንጎው ተጋግሮ ሲወጣ መልኩ ደህና ነው። በማንኪያ ሲመታው ግን ኳ ኳ አለ። በብስጭት መስኮቱ ሥር ወረወረው፤ ሊጥለው አስቦ ረሳው።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ አባራ። ሀብተ ሥላሴ ወደብ ወርዶ አባቱን ተቀበለ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት አንግተው ከጀልባው ወረዱ። ዕድሜ ልካቸውን ሲኖሩ ያላቸው ንብረት እሷው ናት። ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸው፤ ቅዳሴው ሲያልቅ በባጃጅ እንደሚመጡ ተነጋግረው እሱ ቀድሞ ወደ ሱቁ ተመለሰ። የቀረውን ሰዓት በመጨረሻ ሙከራ ሊጨርሰው ነበር።

ገና ማድቤቱን የሚጋርደውን መጋረጃ ሲገልጥ አየው። ጠረጴዛው ላይ ፓይ ተቀምጧል። ወርቃማ፣ ጠርዙ የተቆነጠጠ፣ ላዩ በስሱ የተነሣ። ጫፉን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ፍርክስክስ አለ።

"ማህሌት! እንዴት አድርገሽ ነው? በዘይት እንዲህ..." ብሎ ሊያቅፋት ሄደና መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ሸተተው። ጾም ስለሆነ ሊቀምሰው አይችልም፤ አፍንጫ ግን አይጾምም።

"ቅቤ ነው" አለ።

"ቅቤ ነው" አለች ማህሌትም፣ ሳታፍር። "የገበታ ቅቤ። ስትሠራ እያየሁ የለመድኩትን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትቃጠል አይቼ አንጀቴ አልቻለም። እሳቸው ፓይ ቀምሰው አያውቁ፤ ምን እንዳለበት በምን ያውቃሉ? ኃጢአቱ በኔ ይሁን፤ ንስሐ እገባበታለሁ።"

"አብደሻል?"

"አንተ ነህ ያበድከው! ነገ ይሻገራሉ። ከዚያ ወዲያ አታገኛቸውም። ያን ድንጋይ ሰጥተሃቸው 'ለዚህ ነው ቅኔ ጥሎ የሄደው' እያሉ ይሙቱ?"

እውነቷን ነው፤ ክፋቱ እሱ ነው። በአባቱ ተናደደ፣ በጾሙ ተናደደ፣ በመብራቱ ተናደደ። ያን ሁሉ ዓመት ፍስክ እያለ ያልመጡ ሰው፣ አሁን በፍልሰታ!

ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ በሩ ላይ አንዴ ቆም አሉና ግድግዳውን ቃኝተው ተቀመጡ። ማህሌት እጃቸውን አስታጠበች። እሳቸውም ተነሥተው ጸሎት ጀመሩ።

ሀብተ ሥላሴ መጋረጃው ኋላ የቅቤውን ፓይ ቆርሶ ሳህን ላይ አኖረ። አነሣው። መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎቱ ረዘመ፤ ከወትሮው በጣም ረዘመ። እኚህ ሰው ገና ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዙት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ጾም ነው፤ ከሱ ሌላ ይዘው የሚገቡት ያቺን ከረጢት ነው። "አልችልም" አለ በለሆሳስ። ተመለሰ። ከመስኮቱ ሥር ያን ኳ ኳ የሚለውን አነሣ፤ አቧራውን አራገፈና በቢላ ቢለው አልቆረጥ ስላለ በእጁ ሰብሮ አቀረበው። ዕንባው መጥቶበት ነበር፤ የንዴትም የምንም።

"የኔታ፣" አለ፣ "ይኸ ነው። ደርቋል። በዘይት አልሆንልህ አለኝ። እኔ የምሠራው እንዲህ አልነበረም።"

መሪጌታ ሳህኑን አዩት። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ከዚያ እፎይ ብለው ተነፈሱ፤ ትከሻቸው ሁሉ ወረደ።

"ከበሩ ስገባ ቅቤ ሸተተኝ" አሉ።

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ማንኪያ ወደቀ።

"ጸሎቱን ያስረዘምሁት ለምን መሰለህ? ያን ይዘህብኝ ብትመጣ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። አልበላም እንዳልልህ፣ ስንት ዓመት አልበላም ስልህ ኖርሁ፤ ዛሬም ብዬህ ልሻገር? ለዚህ አቅም አጣሁ። ልበላው ነበር፣ ልጄ። ጾሜን ልፈታው ነበር።"

ማህሌት ወጥታ እግራቸው ሥር ወደቀች። "ይቅር ይበሉኝ የኔታ፣ እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።"

"ተነሺ፣ ለባልሽ አዝነሽ ነው" አሉና አነሧት። "ያን ለሚበላው ስጪው። ለኔ ሻይ አምጭልኝ።"

ቁራሹን ሻይ ውስጥ እየነከሩ፣ በቀሩት ጥርሶቻቸው ቀስ እያሉ በሉ። ሀብተ ሥላሴ ቆሞ አፋቸውን ያያል። እያንዳንዱ ኩርሽምታ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ሙያውን ሁሉ ይዞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይህን ያበላል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

"ቅኔ ቤት ሳለህ ድርቆሽ በልተሃል?" አሉ።

"በልቻለሁ።"

"ይኸ ድርቆሽ ነው። ማንጎ ያለበት ድርቆሽ።"

"ፓይ ነው እንጂ የኔታ!" አለ፤ ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለበት። "ድርቆሽ አይደለም! እኔ ስሠራው እኮ ሲነኩት የሚፈረካከስ..."

"ፓይ ይሁን" አሉ ቶሎ ብለው። የቀረውን ሰብስበው በጨርቅ ቋጠሩና ከረጢታቸው ውስጥ ጨመሩ። "ሲያልቅብኝ በጀልባ ላክልኝ። ታዲያ አታለስልሰው። የለሰለሰ በማግሥቱ ይሻግታል። እንዲሁ አድርገህ ሥራው።"

ልጅየው ራሱን ያዘ።

ዓርብ ጠዋት ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ጀልባ ነጂው አዛውንቱን ደግፎ አሳፈረና ከረጢቷን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን አልሰጡትም፤ ጭናቸው ላይ አቀፏት።

"ምን ቢይዙ ነው የኔታ፣ እንዲህ የሳሱላት?" አላቸው።

"ፓይ ነው" አሉ። "ልጄ ነው የጋገረው። ያውልህ፣ እዚያ የቆመው። ጋጋሪ ነው።"

ሀብተ ሥላሴ ከዳር ሆኖ ሰማ። "የኔ ፓይ እንዲህ አይደለም! እንዲያውም የመጨረሻው መጥፎ እሱ ነው!" ብሎ ለጀልባ ነጂው ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ ሞተሩ ተነሣና ድምፁን ዋጠው። ጀልባዋ ጭጋጉ ውስጥ እስክትገባ እዚያው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ዱቄት ሊገዛ ሄደ።