መርዶ ይዤ ወደ ሀርሺን

ረቡዕ፣ ጅጅጋ

ከጅጅጋ የተነሣነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሐርጌሳ ሕዝብ ጦርነት ሸሽቶ ድንበር የተሻገረበት ክረምት ነበር። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩና ትምህርት ቤቱም ስለተዘጋ፣ በሀርሺን መንገድ ባለው የስደተኞች ሰፈር ለሚሠሩ ሁለት የውጭ ሰዎች አስተርጓሚ ሁን ተባልኩ። ሳላቅማማ እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከቤቴ መሸሽ ፈልጌ ነበር።

ባለፈው እሑድ አንድ ወታደር መጥቶ የሚስቴ የወይንሸት ታናሽ ወንድም ተፈራ ሰሜን ግንባር ላይ መሞቱን ነግሮኛል። የዕድራችን ሽማግሌዎች መከሩና «ዘመዶቿ የይለፍ ወረቀት አውጥተው ከድሬዳዋ እስኪመጡ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ሲመጡ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን፤ እስከዚያ አፍህን ያዝ» አሉኝ። ያዝኩ። በጉዞው ጠዋት ወይንሸት የስንቅ ዳቦ ቆሎ እየቋጠረችልኝ፣ «ለተፈራ የላክሁለት ሹራብ ደርሶት ይሆን?» አለችኝ።

«መቼም ደርሶታል» ብያት ወጣሁ።

ቀብሪደሃር አይደለም፣ ቀብሪበያህ

ሾፌራችን ዩሱፍ የጅጅጋ ልጅ ነው፤ ሶማልኛውን እሱ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። «መምህር፣ ቀብሪደሃር የምትለው ሩቅ ነው፤ እኛ ቀብሪበያህ ነው የምንሄደው» እያለ ሳቀብኝ። ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ ዛሬም ስሙ ይምታታብኛል። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ላንድክሩዘሩ ሲዘል ጭንቅላታችን ጣሪያውን ይመታል። ግራና ቀኝ የተቃጠለ ታንክ አለ፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የነበረው ጦርነት ትቶት የሄደ ነው፤ ፍየሎች ጥላው ሥር ይተኛሉ።

ቀብሪበያህ ላይ ላሆ የሚሉትን ስስ ቂጣ በማር በላን፤ የግመል ወተት የገባበት ሻይ በስሙኒ ጠጣን። ከእንግዶቹ አንዷ ኖራ የምትባል የአየርላንድ ነርስ ናት። ሌላው ካምሳይ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ አገሩ ላኦስ ነው፣ ያደገው ግን ከወንዝ ማዶ፣ ጎረቤት አገር ባለ የስደተኞች ሰፈር ነው። የሻይ ቤቱ ሰዎች «ቻይና» ይሉታል፤ መልስ መስጠት ታክቶታል።

ሁለቱ ጨዋታቸው ቋንቋ ነው። ካምሳይ አንዲት ቃል ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ሦስት ጊዜ አላትና፣ አንዷ «ና»፣ አንዷ «ውሻ»፣ አንዷ «ፈረስ» ማለት ነው አለን። ኖራ ሞክራ ሁሉንም ውሻ አደረገቻቸው። የእሷ አይሪሽ ደግሞ ግሱን ከፊት ያስቀድማል፤ ከአያቷ የሰማችው ጥቂት ነው፣ የቀረውን በትምህርት ቤት ነው ያገኘችው። አንድ የሚያገናኛቸው አገኙ፦ «በላህ ወይ?» ሲባል ሁለቱም «በላሁ» እንጂ «አዎ» አይሉም። እኛም አዎ ቢኖረንም «በላሁ» እንላለን ብዬ እኔም ገባሁበት።

«ሐዘንን እንዴት ትሉታላችሁ?» አልኩ። ለምን ይህን እንደጠየቅሁ እኔ አውቃለሁ።

«ሐዘን በላዬ ነው፣ እንላለን» አለች ኖራ።

«እኛ ልቤ ጠፋ ነው የምንለው» አለ ካምሳይ።

ሰው ሲሞትስ ለዘመዱ እንዴት ትነግራላችሁ ብዬ ስጠይቅ ሁለቱም አንድ መልስ ሰጡኝ፦ ወዲያው። ከዚያ ሰዉ አብሮት ይቀመጣል። እኔ አዘንኩላቸው። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት ወግ እንዳለው፣ ሰው በባዶ ሆዱና ብቻውን ሳለ እንደማያረዱት፣ ማታ በልቶ ካደረ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ እንደሚነገረው በኩራት አስረዳኋቸው። ዩሱፍ ሰማኝና «እኛ ጋ መሬቱ አይጠብቅም፣ መምህር» አለኝ። አልገባኝም።

ሐሙስ፣ ሰፈሩ

ሰፈሩ እስከ አድማስ በጨርቅና በቅርንጫፍ የተሠራ ጎጆ ነው። ማገዶ የለም፣ ውሃ የለም፤ ውሃው በቦቴ ይመጣል፣ ሰልፉ ከንጋት ይጀምራል። ፋራህ የሚባል ሰው በጥሩ አማርኛ ሰላም አለኝ። ጅጅጋ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር። «በመጀመሪያው ጦርነት ከዚህ ወደዚያ ሸሸሁ፤ አሁን ከዚያ ወደዚህ» አለኝ። የቀረችለት አንዲት ልጁ ሆዳን ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ተቅማጥ ይዟት በኖራ የሕክምና ድንኳን ተኝታለች። እሱ ውሃ ሊቀዳላት ወደ ሰልፉ ሄደ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሆዳን ሞተች። ኖራ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና «ሂድ ለአባቷ ንገረው» አለችኝ። ዩሱፍ ከካምሳይ ጋር ፓምፕ ሊያመጣ ሄዷል። «እኔ አመጣዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ፋራህ ሰልፍ ላይ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። «እንዴት ናት?» አለኝ። ባዶ ሆዱን ነው፣ ብቻውን ነው፤ አሳዘነኝ። «ተኝታለች» አልኩት። ዩሱፍ ሲመለስ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን እናረዳዋለን ብዬ ወሰንኩ። ሻይ ጋበዝኩት፤ ዳቦ ቆሎዬን አካፈልኩት። ጅጅጋ ስለቀረችው የስፌት መኪናው አጫወተኝ። እኔም ሳቅሁለት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዩሱፍ እየሮጠ መጣና በሶማልኛ ጮኸበት። ፋራህ ጀሪካኑን ጥሎ ሮጠ። ዘግይቷል። ሴቶቹ ሆዳንን አጥበው ገንዘዋታል፤ ያን ቀን ሦስት ሌሎች ሞተዋልና አብረው ሰግደውባቸው ቀብረዋቸዋል። ዩሱፍ መሬቱ አይጠብቅም ያለኝ ይህን ነበር፤ ሬሳ በዕለቱ ይቀበራል። ኖራ የነገርኩት መስሏት «አባቷ ተነግሮታል» ያለቻቸው ሰዎች ጠብቀው ጠብቀው፣ ሐዘኑ ጉልበት ነስቶት ቀረ ብለው ነበር።

አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ፋራህ ቆሞ አየውና ወደኔ ዞረ።

«መቼ ነው የሞተችው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

«አንተ ከእኔ ጋር ሻይ ስትጠጣ፣ እሷ ሞታ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔን ስታስቀኝ?»

በሰዎቹ ወግ አባት ልጁን በእጁ መቃብር ያወርዳል፤ ያን ነው የወሰድኩበት። ኖራ በአይሪሽ፣ ካምሳይ በላኦ አንድ አንድ ነገር አሉት፤ ምን እንዳሉ ከመንገዱ ጨዋታ አውቄዋለሁ። እኔ እሱ በደንብ የሚሰማውን አማርኛ እያወቅሁ የጣለውን ጀሪካን ላነሣ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ቤት

በመልሱ መንገድ ማንም ስለ ቋንቋ አላወራም። ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ፣ ዘመዶቿም ነገ ነው የሚገቡት፤ ቢሆንም ቦርሳዬን ሳላወርድ በሩ ላይ ነገርኳት። ተፈራ ሞቷል አልኩ። ፋራህ ያስተማረኝ ይኸው ነው፤ የያዝኩት ሐዘን የእኔ እንዳልሆነ።

ወይንሸት አልጮኸችም። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«መቼ ሰማህ?»

«እሑድ።»

«ረቡዕ ስለ ሹራቡ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ፣ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ እያልኩ። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።