«በል» ወይስ «በይ»?

አክስቴ በር በድንገት ሲንኳኳ ባሏን እንደ ሴት ታናግረዋለች። «ዝም በይ! አትነሺ!» ትለዋለች፣ ያንን ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ግዙፍ ዳቦ ጋጋሪ። እሱም ለምዶታልና «እሺ እመቤቴ፣ አልነሳም» ብሎ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። እኛ ልጆች በሳቅ እንፈርስ ነበር። ነገሩን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሳውቀው ግን መሳቅ ተውሁ። እሷ እንደነገረችኝ አወራችኋለሁ፤ ትንሽ ብቻ አሳምሬዋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። ሰፈሩ «ጭምቷ» ይላታል፤ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች፣ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ወራሪው ጦር ከተማዋን እንደያዘ አንድ ትምህርት ቤት ዘግቶ የልብስ መጠገኛ አደረገው። ጥቁር ሰሌዳው ሳይነቀል፣ ወንበሮቹ ወጥተው የስፌት መኪናዎች ገቡ። ጭምቷም እዚያ ተቀጠረች። ቁልፍ ትተክላለች፣ እጅጌ ትጠግናለች፣ ገበር ትቀይራለች። ወታደሮቹ በቋንቋቸው አጠገቧ ቆመው ሲያወሩ እንዳልገባት ሆና ክሯን በጥርሷ ትበጥሳለች። ይገባት ነበር። አባቷ በሕይወት ሳለ ከነዚያ ሰዎች አገር ነጋዴዎች ጋር ይሠራ ስለነበር ቋንቋውን እሱ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ለምዳዋለች።

ልብስ ደግሞ ያወራል! ቀይ ጭቃ የነካው ሱሪ ከወንዙ ማዶ የመጣ ነው። ካፖርት ሁሉ ወፍራም ገበር ይግባበት ከተባለ ጦሩ ወደ ብርዳማው ተራራ ሊወጣ ነው። የትከሻ ምልክት በችኮላ ይፈታ ከተባለ ሊንቀሳቀስ ያለ ክፍል አለ። ጭምቷ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቤቷ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ይጠብቃታል።

ሰውየው የአርበኞቹ ሬድዮ ሠራተኛ ነው። የሷን ወሬ ተቀብሎ በሬድዮው መምቻ በጣቱ እየመታ ወደ ጫካ ይልካል። እንዴት እሷ ቤት ኖረ? ጭምቷ ሳንባዋን የታመመች ታላቅ እህት ነበረቻት። ጦሩ ከመግባቱ በፊት ዘመድ በድብቅ ወደ ገጠር ወሰዳት። ጎረቤት ይህን አላወቀም፤ ለሁሉም እህትየው አሁንም አልጋ ላይ ናት። በሽታው ይጋባል ተብሎ ደግሞ ማንም ደፍሮ አይጠይቃትም። እናም ሰውየው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ሻል ተከናንቦ የእህትየውን አልጋ ወረሰ።

ሕጉ አንድ ነበር፦ በዚያ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ በሴት አንቀጽ ይናገራሉ። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ። ግድግዳው ከመቅጠኑ የተነሣ ጎረቤት ሲያዛጋ እዚህ ያለው ሰው አፍ ይከፈታል።

ሰውየው መጀመሪያ አኮረፈ። «ጢሜን አስላጫችሁኝ፣ አሁን ደግሞ 'አንቺ'!» አለ።

«ጢምሽ ተመልሶ ይበቅላል» አለችው በሹክሹክታ። «አንገትሽ ግን አይበቅልም።»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በታችኛው መንገድ የነበረውን ጫማ ሰፊ አደባባይ ላይ ሰቅለውታል፤ የተገኘበት ሬድዮ እንኳ አይደለም፣ የሬድዮ አምፖል ነው። ጭምቷ ወደ ሥራ ስትሄድ በሥሩ ነበር የምታልፈው።

ከግድግዳው ወዲያ ያለችውስ ማን ናት? ሰፈርተኛው ስም ያወጣላት «ሬድዮ» ብሎ ነው! ልብ በሉ፤ ከግድግዳው ወዲህ እውነተኛው ሬድዮ፣ ወዲያ ደግሞ ባለ ሁለት እግሩ። ሬድዮ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የሰማችውን ሳታወራ ካደረች ግን የሚያማት ነበረች። ወራሪዎቹ ደግሞ ወሬ ላመጣ ሳሙናና ስኳር ይሰጣሉ።

አንድ የዕረፍት ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰውየው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ይልካል። ሥራው ስለቀናው ነው መሰለኝ ሳያስበው በዚያ ጎርናና ድምፁ ማንጎራጎር ጀመረ። ጭምቷ በመስኮት ብታይ ወታደሮች የግቢውን በር ከፍተው እየገቡ ነው። ዘወር ብላ፣

«ዝም በል!» አለች። ጮክ ብላ።

ዝም አለ። ወታደሮቹም ከቧንቧው ውኃ ጠጥተው ወደ በሩ ተመለሱና ጥላ ሥር ቆሙ። ከግድግዳው ወዲያ ግን ሲንኳኳ የነበረ ድስት ቀጥ አለ። ጭምቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በል! ያን ሁሉ ጊዜ ተጠንቅቃ፣ ዛሬ በል!

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ሬድዮ ናት፤ ዓይኗ ከጭምቷ ትከሻ በላይ ወደ ውስጥ ይሮጣል።

«አንቺ ጭምት! ወንድ አስገባሽ እንዴ?»

«የምን ወንድ? እህቴ ናት ያለችው።»

«እህትሽን 'በል' ትያታለሽ?»

«ድመት ነው... ድመቱ ሲጮህ ጊዜ።»

«ድመቱ!» ሬድዮ ሳቋ አመለጣት። «የግቢው ድመት አንድ ናት፤ እሷም ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ደረጃው ላይ ተኝታለች። ልትወልድ ነው የኔ እመቤት!» አለችና እየሳቀች ሄደች።

ጭምቷ በመስኮት ተከተለቻት። ሬድዮ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ጫማ አደረገች፤ የግቢውን በር አልፋ ወደ ጦሩ ቢሮ አቅጣጫ ታጠፈች። ወታደሮቹ አሁንም በሩ ላይ ናቸው፤ መውጫ የለም። ሬድዮውን ፍራሹ ሥር ከተቱት። ሰውየው ላዩ ላይ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጭምቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ መርፌ ያዘች፣ ክሩ ግን በቀዳዳው አልገባ አላት።

ከዚያ ደረጃው በቡትስ ጫማ ተንቀጠቀጠ። አንድ መኮንን ገባ፣ ሁለት ወታደሮች ተከተሉት፣ በኋላ ሬድዮ፣ ከሁሉም ኋላ አስተርጓሚው። አስተርጓሚው የአገር ልጅ ነው፤ ሰው ሁሉ «ምላስ» ይለዋል፣ ሲያልፍም ምራቁን ይተፋል።

መኮንኑ አልጋውን አየና ባለበት ቆመ። «በሽተኛዋ ምንድን ነው ያማት?»

«ሳንባ ነው» አለ ምላስ። መኮንኑ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

«በል እንግዲህ ንገረው!» አለች ሬድዮ። «'ዝም በል' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ! በይ አይደለም፤ በል! ለወንድ ነው ያለችው!»

ምላስ ወደ መኮንኑ ዞረ። ጭምቷ መርፌዋ ላይ አቀርቅራ እያንዳንዷን ቃል አዳመጠች።

«ይህች ልጅ 'ዝም በል' ብላለች ትላለች» አለ በእነሱ ቋንቋ።

በእነሱ ቋንቋ! በዚያ ቋንቋ ለሴትም ለወንድም፣ ለውሻም ለጄኔራልም ያው አንድ ቃል ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ መኮንኑ።

«ምን አለ?» አለች ሬድዮ።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚለው።»

«እንዴት ምን ይሁን! 'በል' ለወንድ ነው በለው እንጂ! ምን ዓይነት አስተርጓሚ ነህ? ምላስህ ይቆረጥና!»

ምላስ ፊቱን ከእሷ መለሰ። ዓይኑ አልጋው ላይ አረፈ። ጭምቷም ዓይኑን ተከትላ አየች፦ ከብርድ ልብሱ ጫፍ አንድ ተረከዝ ወጥቷል። ሰፊ፣ የተሰነጣጠቀ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ተረከዝ። አልጋ ከያዘች የከረመች ሴት ተረከዝ አይደለም። ብርድ ልብሱን ልትስብ አሰበች፤ ብትነሳ ግን ሁሉም ወደዚያ ያያል።

ምላስ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጎረቤት ጥል ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ልጅቷ በሽተኛ እህቷን ትጮኽባታለች፣ እኔንም ትረብሸኛለች ትላለች።»

የመኮንኑ ፊት በርበሬ መሰለ። «ለዚህ ነው የሳንባ በሽታ ያለበት ቤት ያስገባችሁኝ?» ብሎ ሬድዮን በክርኑ ገፍትሮ ወጣ። ወታደሮቹ ተከተሉት። ሬድዮም «ምን አልከው? ኧረ ምን አልከው?» እያለች ወረደች።

ምላስ ብቻ ደፉ ላይ ቀረ። ጭምቷን ሳያይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለእህትሽ...» አለ። «ደህና ሁን በያት።»

ሄደ።

አክስቴ እዚህ ስትደርስ እስከ ዛሬ ትንፋሽ ያጥራታል። አወቀ! ያወቀ ሰው ደግሞ ዛሬ ቢምር ነገ ይሸጣል። ወታደሮቹ ከበሩ እንደተነሱ ሬድዮውን በሚታጠብ ልብስ ጠቀለለችው። ሰውየው የእህቷን ቀሚስ ለበሰ፣ ክንዷ ላይ ተደገፈ፣ እያሳለ ደረጃውን ወረደ። ግቢው መካከል ሬድዮ ልብስ ታሰጣለች።

«ሐኪም ቤት ነው?» አለች፣ አፍራለች መሰለኝ ቀና ሳትል።

«አዎ፣ ብሶባታል።»

«እግዜር ይማርሽ እህቴ» አለችው ለሰውየው። «ይማርሽ!»

ያን ዕለት ወደ ገጠር ተሻገረ፤ ተመልሶ ያገባት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጭምቷ ግን መጥፋት አልቻለችም፤ ሰው ከሥራ ቢቀር ይፈለጋል። በማግስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ምላስ ካፖርቱን ይዞ መጣ። «ቁልፉ ላልቷል» አለ፤ ሌላ ምንም አላለም። ተከለችለት። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ዛሬ ነው እያለች ትጠብቃለች፤ እቤቷ በር በተንኳኳ ቁጥር ባዶውን አልጋ «ዝም በይ!» ትለዋለች። ጦርነቱ እስኪያልቅ እንዲህ ኖረች፤ ፍርሃቱ ከጦርነቱ ዕድሜ ረዘመ።

ወራሪው ሲወጣ ሕዝቡ ምላስን ይዞ አደባባይ አወጣው። ጫማ ሰፊው የተሰቀለበት ቦታ ነው፤ ገመዱም ተዘጋጅቷል። «የሚመሰክርለት አለ?» ተባለ፣ እንዲያው ለደንቡ ያህል። ያቺ አንገቷን ደፍታ የኖረች ልጅ ሰውን እየጋፋች ወጣች። የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ መጨረሻ ላይ፣

«'ለእህትሽ ደህና ሁን በያት' አለኝ» አለች።

ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ቋንቋው የሁሉም ነው። ከዚያ ከሕዝቡ መካከል አንድ የታወቀ ድምፅ ተሰማ።

«እውነቷን ነው! 'በል' ነበር ያለችው! ተርጉም ብዬ ለምኜው እምቢ ብሎኛል!» ሬድዮ ናት፤ ያን ጊዜ ያልታመነችው ዛሬ ታመነች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ በሳቁ መካከል አንዱ ገመዱን ሰብስቦ ብብቱ ሥር ከተተ።

ምላስን ሲፈቱት ጭምቷ ቀርባ ለምን እንዳዳናት ጠየቀችው። እሱ የታሰረበትን እጁን እያሻሸ ትከሻውን ነቀነቀ።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አላት። «ቃል በቃል ተረጎምኩ። በእነሱ ቋንቋ ሁለቱም ያው ነው።»